ብቻውን ለሚያበር አብራሪ፦ የአየር ክልል መግቢያና በአየር ላይ የሚወሰድ የመሣሪያ በረራ ፈቃድ

በአነስተኛ አውሮፕላን ብቻቸውን የሚበሩ አብራሪዎች ላቀረቧቸው ጥያቄዎች የሰጠኋቸው መልሶች ከዚህ በታች ይገኛሉ። የተከተልኩት የአሜሪካን ደንብ ነው። የአየር ክልል ቢ፣ ሲ፣ ዲ እየተባለ በክፍል ይመደባል፤ የመግቢያው ደንብም እንደ ክፍሉ ይለያያል። «በእይታ» መብረር ውጭውን እያዩ ነው፤ «የመሣሪያ በረራ» ደግሞ በደመና ውስጥም በመሣሪያዎች እየተመሩ የሚበሩት ነው።

ጥያቄ፦ ወደ ክፍል ሲ ክልል ስቃረብ ተቆጣጣሪውን ጠራሁ። የአውሮፕላኔን መጠሪያ ጠቅሶ «ስታንድባይ» (ጠብቅ) አለኝ። ልግባ ወይስ ውጭ ልዙር?

መልስ፦ መግባት ይችላሉ። ለክፍል ሲ እና ዲ የሚጠየቀው የሁለትዮሽ የራዲዮ ግንኙነት መመሥረቱ ነው፤ መጠሪያዎን ከጠራ ግንኙነቱ ተመሥርቷል። «የጠራኸኝ አውሮፕላን፣ ስታንድባይ» ቢልዎት ግን ማንነትዎን ስላልያዘ አይገቡም። መጠሪያዎን ጠርቶ «ከክልሉ ውጭ ይቆዩ» ካለም እንደዚያው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ምደባ ክፍል ሲ እና ዲ በእይታ ለሚበርም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ስለዚህ በአሜሪካ ሰልጥነው ሌላ አገር ሲበሩ ይህን ልማድ እዚያው ይተዉት።

ጥያቄ፦ ክፍል ቢ ላይስ? ተቆጣጣሪው በራዳር እየተከታተለኝ ነው፤ የሰጠኝ አቅጣጫም በቀጥታ ወደ ክልሉ ይወስደኛል።

መልስ፦ ፈቃድ አይደለም። «ክሊርድ» (ተፈቅዷል) የሚለው ቃል ከክፍል ቢ ስም ጋር ተያይዞ በጆሮዎ መግባት አለበት። ካልሰሙ ይጠይቁ፤ መልስ ካላገኙ ከድንበሩ በፊት ይዙሩ። ከ2020 ጀምሮ አውሮፕላኑ ኤዲኤስ-ቢ አውት (ያለበትን ቦታ በራሱ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ሊኖረውም ይገባል። በመሣሪያ በረራ ፈቃድ ላይ ከሆኑ ግን ያው ፈቃድ ክልሉንም ይሸፍናል።

ጥያቄ፦ በእይታ ተነሣሁ፤ ከፊቴ ደመናው እየወረደ ነው። የመሣሪያ በረራ ብቃት አለኝ። ፈቃዱን በአየር ላይ እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ ወደ ኋላ ለመዞር ገና ቦታ ሳለ ይጠይቁ። ይህን ደጋግሜ የምለው ብቻውን ያለ አብራሪ ከዘገየ አውሮፕላኑን፣ ራዲዮውንና ካርታውን በአንድ ጊዜ መሸከም ስለሚኖርበት ነው። የመጀመሪያው ጥሪ አጭር ይሁን፦ መጠሪያዎ፣ ያሉበት ቦታ፣ ጥያቄ እንዳለዎት። ተቆጣጣሪው ሲመልስ የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ ከፍታዎንና መድረሻዎን ይስጡ። ሥራ ከበዛበት የበረራ ዕቅዱን በበረራ መረጃ አገልግሎት በኩል እንዲያስገቡ ሊልክዎት ይችላል፤ ቅር አይበልዎት።

አሁን ዋናው አደጋ ይመጣል። ወደ ክፍል ሲ ያስገባዎት «ስታንድባይ» ወደ ደመና አያስገባዎትም። የትራንስፖንደር ኮድ (በራዳር ላይ አውሮፕላንዎን የሚለየው ቁጥር) መቀበልም ፈቃድ አይደለም። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ኮዱን እንደተቀበልኩ ፈቃድ የያዝኩ መስሎኝ አፍንጫዬን ወደ ደመናው አቅንቼ ነበር፤ ተቆጣጣሪው «በእይታ ይቆዩ» ባይለኝ ኖሮ ያለ ፈቃድ እገባ ነበር። ፈቃድ የሚባለው እስከ የት፣ በየት በኩልና በምን ከፍታ እንደሚበሩ ሲነገርዎት ነው።

ከዝቅተኛው የመሣሪያ በረራ ከፍታ በታች ካሉ ተቆጣጣሪው እዚያ እስኪደርሱ ድረስ ከመሬትና ከመሰናክል ራስዎን መጠበቅ ይችሉ እንደሆነ ይጠይቅዎታል። «አዎ» ካሉ እስከዚያ ከፍታ ድረስ ተራራውን የመሸሽ ኃላፊነት የእርስዎ ብቻ ነው። ጨለማ ከሆነ፣ መሬቱም ካልታየዎት፣ «አልችልም» ይበሉና በእይታ ይመለሱ። በእይታ መቆየት ካቃተዎት ደግሞ ሳይደብቁ ይናገሩ፤ ያ አስቸኳይ ሁኔታ ነው፣ ተቆጣጣሪውም እንደዚያ አድርጎ ይረዳዎታል።

ጥያቄ፦ በእጄ እያበረርኩ ረጅም ፈቃድ እንዴት ልጻፍ?

መልስ፦ ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው፦ የፈቃዱ መጨረሻ ነጥብ፣ መሥመር፣ ከፍታ፣ ፍሪኩዌንሲ፣ የትራንስፖንደር ኮድ። አምስቱን ከመነሣትዎ በፊት በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ወደ ታች ደርድረው ይጻፉ። አውቶፓይለት ካለ ያብሩት፤ ከሌለ አውሮፕላኑን በትሪም (መሪውን ሳይገፉ ሚዛኑን እንዲጠብቅ በሚያደርገው ማስተካከያ) ያመጣጥኑ። «ለመጻፍ ዝግጁ ነዎት?» ሲባሉ ካልሆኑ «ስታንድባይ» የማለት መብት የእርስዎም ነው። በየቃሉ መካከል ዓይንዎን ወደ አድማስ መሣሪያው ይመልሱ። ከዚያ ደግመው ያንብቡለት። መሥመሩ ከተቀየረ መጀመሪያ አውሮፕላኑን ያዙሩ፣ የጂፒኤሱን ቁልፎች በኋላ ይጫኑ። መፈጸም የማይችሉትን ፈቃድ ሳይቀበሉ ይመልሱ፤ ከተቀበሉ በኋላ የተሻሻለ ፈቃድ ሳያገኙ መውጣት የሚቻለው በአስቸኳይ ሁኔታ ወይም የግጭት ማስጠንቀቂያ መሣሪያው ሲያዝ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በደመና ውስጥ ራዲዮዬ ቢሞትስ?

መልስ፦ ራዲዮዎ እንደጠፋ ለተቆጣጣሪው የሚነግረውን ኮድ 7600 በትራንስፖንደሩ ያስገቡ። ወደ ጠራ አየር ከወጡ በእይታ ይቆዩና እንደተቻለ ይረፉ። ካልወጡ በመጨረሻ በተሰጠዎት መሥመር ይቀጥሉ። ከፍታው ከሦስቱ፣ ማለትም ከተሰጠዎት፣ ይጠብቁ ከተባሉትና ከዝቅተኛው የመሣሪያ በረራ ከፍታ፣ በየመሥመሩ ቁራጭ ላይ ትልቁ ነው።

ጥያቄ፦ የመቆጣጠሪያ ማማ በሌለው አየር ማረፊያ ካረፍኩ የመሣሪያ በረራ ዕቅዴ በራሱ ይዘጋል?

መልስ፦ አይዘጋም፣ እርስዎ ነዎት የሚዘጉት። አየሩ ለእይታ በረራ የሚመች ከሆነ ከማረፍዎ በፊት በራዲዮ መሰረዝ ይቻላል፤ ካልሆነ አርፈው ወዲያው ይደውሉ። ከረሱ ፍለጋ ይጀመራል። ከእርስዎ ቀጥሎ የሚመጣውም አብራሪ፣ ምናልባት እሱም ብቻውን፣ ነዳጁን እያየ በደመናው ውስጥ የሚዞረው ያንን ጥሪ እየጠበቀ ነው።