ሰመር ላይ ሥዕል ለመማር ላሰባችሁ ልጆች

ይህን የምጽፈው በዋሽንግተን ዲሲና ዙሪያዋ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ለምትማሩ ልጆች ነው። የግራፊክ ዲዛይን ሥራ ላይ ነው የኖርኩት፤ ማታ ማታና ሰመር ላይ ደግሞ ንድፍ አስተምሬያለሁ። ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ያው ጥያቄ ነው። «ጋሼ፣ ሰመር ላይ አንድ የሥዕል ክላስ ወስጄ ልገላገለው?» ውሰዱ። ለመገላገል ብላችሁ ግን አትውሰዱ።

ሰመር ላይ ትምህርት ይታጨቃል። በመደበኛው ጊዜ 15 ሳምንት ገደማ የሚፈጀው ኮርስ በ5 ወይም በ6 ሳምንት ያልቃል። ኬሚስትሪ ቢሆን ጥድፊያው ያስጨንቃል፤ አንዱ ምዕራፍ ሳይገባችሁ ሌላው ይመጣል። ንድፍ ላይ ግን ይኸው ጥድፊያ ይጠቅማል። እጅ የሚፍታታው በየቀኑ ሲሠራ ነው። በሳምንት ሁለቴ የሚስል ተማሪ ሰኞ ያገኘው ነገር እስከ ሐሙስ ይጠፋበታል። በየቀኑ የሚስለው ግን ትላንት ያቆመበት ላይ ነው የሚቀጥለው። በሰመር ክላስ ተማሪ እንዲህ ሲለወጥ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ችግሩ ሰዓቱ ነው። የስቱዲዮ ክላስ 3 ክሬዲት ቢሆንም፣ ክፍል ውስጥ የምትቆዩት ለታሪክ ወይም ለእንግሊዝኛ ክላስ ከምትቆዩት እጥፍ ገደማ ነው። ሰመር ላይ ሲታጨቅ በቀን ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል፤ ያውም ቆማችሁ። የቤት ሥራው ሌላ ነው። እናንተ ደግሞ ሰመር ሲመጣ ሺፍት ትደርባላችሁ፤ አገር ቤት የምትልኩት አለባችሁ። ስለዚህ አንድ ኮርስ ብቻ ያዙ። እሱም ንድፍ አንድ (Drawing I) ይሁን። ቀለም ቅቡም፣ በኮምፒውተር መሳሉም ይደርሳል።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ አስተማሪው ወንበር መሃል ያስቀምጥና «ወንበሩን ተዉት፣ በእግሮቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ሳሉልኝ» ሊላችሁ ይችላል። ግራ ይገባችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንበር አራት እኩል እግር እንዳለው ስለምናውቅ አራቱንም እኩል አድርገን እንስላለን። ዓይናችን የሚያየው ግን ሌላ ነው፤ የኋላው እግር አጥሮ ይታያል፣ አንዱ በሌላው ይሸፈናል። ክፍት ቦታውን ግን ማንም በቃሉ አያውቀውም። እሱን ለመሳል ማየት ግድ ነው። ቅርጹን በትክክል ስታወጡ ወንበሩ ራሱ ወረቀቱ ላይ ቆሞ ታገኙታላችሁ።

ከሰሉም ያስቸግራችኋል። ከአኻያ እንጨት የተከሰለ ቀጭን ዘንግ ነው፤ እፍ ሲሉት ብን ይላል። አትፍሩት። ወረቀቱን በሙሉ በከሰል አጥቁሩና እንደ ሊጥ በሚታሸው ላጲስ ብርሃኑን ከጥቁሩ ውስጥ አውጡ። ቀስ ብሎ ግንባር፣ ከዚያ የአፍንጫ ጫፍ፣ ከዚያ የጉንጭ አጥንት ይመጣል። በመስመር ብቻ መሳል ለለመደ ልጅ ይህ ትልቅ በር ይከፍታል።

አስቀድሞ የሚነግራችሁ ሰው ላታገኙ ስለምትችሉ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የሰው አካል በሚሳልበት ኮርስ ውስጥ ራቁቱን የሚቆም ሞዴል አለ። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ውስጥ ላደገ ልጅ ይህ ከባድ ነው፤ ክላሱን ጥሎ የወጣም አውቃለሁ። ሞዴሉ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። ስልክ አይወጣም፣ ፎቶ አይነሳም፣ በር እየከፈቱ መግባት የለም። ጥቂት ደቂቃ እንደሳላችሁ የምታስቡት ስለ ትከሻውና ስለ ክብደቱ ይሆናል። ህሊናዬ አይፈቅድም የምትሉ ደግሞ ከመመዝገባችሁ በፊት ሲላበሱን፣ ማለትም የኮርሱን ዝርዝር ዕቅድ፣ ጠይቁ፤ ብዙ ቦታ ንድፍ አንድ የሚያተኩረው በዕቃ ላይ ነው።

ሥራ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሁሉም አስተያየት የሚሰጥበት ቀን ሲመጣ የእኛ ልጆች ይሉኝታ ይይዛቸዋል። የሰው ሥራ ላለመንቀፍ ዝም፣ የራሳቸው ሲነቀፍም ዝም። ተናገሩ። «ይህ እጅ ከክንዱ ጋር አልተያያዘም» ማለት ስድብ አይደለም። አንዳንዱ አስተማሪ ተሳትፎ ላይም ነጥብ ይሰጣል።

ቤተሰብ «ይልቅ ነርሲንግ ተማሪ» ቢላችሁ አትቆጡ። በድካም የተገኘ ገንዘብ ስለሆነ ነው የሚሳሱት። አፈወርቅ ተክሌም በ1947 እ.ኤ.አ. ወደ እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና ሊማር ነበር። ከዚያ ወደ ሥዕል ዞረ፤ በኋላም አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ሠራ። አዲስ አበባ ላይ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም የተማሩት እዚሁ አሜሪካ፣ ቺካጎ ነው። ለእናትና ለአባታችሁ ይህን ንገሯቸው። የሰመር ኮርስ አንድ ጥሩ ነገሩ ደግሞ ዓመቱን ሳትሰጡ መሞከር መቻላችሁ ነው።

እዚህ አካባቢ መኖራችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለረጅም ዓመታት ያስተማረው እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከሠዓሊ ከበደች ተክለአብ ጋር በአሉሚኒየም የሠሩት ትልቅ ሥራ ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ አለ፤ ፓስፖርት ልታሳድሱ ስትሄዱ ቆም ብላችሁ እዩት። ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት መግቢያው ነጻ ነው፣ በእርሳስ መሳልም ይፈቀዳል። ደብተር ይዛችሁ ሂዱና ሬምብራንት በ1659 ራሱን የሳለበትን ሥዕል ፈልጉ። ዓይኑና ግንባሩ ላይ ብርሃኑ እንዴት እንዳረፈ፣ ልብሱ እንዴት ጨለማ ውስጥ እንደሰመጠ ቁጭ ብላችሁ ቅዱት። ከዚያ ዴጋ (Degas) በሰም የሠራትን የትንሽ ዳንሰኛ ሐውልት ከፊትም ከኋላም ሳሏት።

ስለ ገንዘብና ስለ ወረቀት ደግሞ ይህን ያዙ። ፔል ግራንት የሚባለው የመንግሥት የትምህርት ድጎማ ሰመር ላይም ሊሠራ ይችላል፤ የምትይዙት የክሬዲት ብዛት ግን ለውጥ ስለሚያመጣ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሳትጠይቁ አትመዝገቡ። ክላስ ጥሎ ገንዘብ የማስመለሻው ቀን ሰመር ላይ በጣም አጭር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ሊያልፍ ይችላል። የሠራችሁትን አንድም አትጣሉ። ከሰሉ እንዳይረግፍ ፊክሳቲቭ የሚባለውን ስፕሬይ ከቤት ውጭ ንፉበት፤ ደመና ባለበት ቀን በቀጥታ ፎቶ አንሱት። ወደ አራት ዓመት ኮሌጅ ስትዛወሩ ክሬዲቱን የሚቀበሉት ሥራችሁን አይተው ሊሆን ይችላል። ፖርትፎሊዮ፣ ማለትም የሥራዎቻችሁን ስብስብ፣ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችም ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሥራ ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ውስጥ ከፎቶ ያልተቀዳ፣ ፊት ለፊት ታይቶ የተሳለ ንድፍ ማየት ይወዳሉ። አንድ ሰመር በደንብ ከሠራችሁ ግማሹ እጃችሁ ላይ ነው።

የስቱዲዮ ክላስ በወንበርና በሥዕል ማቆሚያ ብዛት ስለሚወሰን ቶሎ ይሞላል። ምዝገባው እንደተከፈተ ግቡ፤ ከሞላም ተጠባባቂ ዝርዝር ላይ ስማችሁን አስገቡና በመጀመሪያው ቀን ደብተራችሁን ይዛችሁ አስተማሪውን በአካል አነጋግሩት።