ከብቶቼን ልሽጥ? ስለ ሥጋና ስለ አየር ንብረት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ በፎገራ ወረዳ በጉማራ ወንዝ አቅራቢያ የምኖር አርሶ አደር ነኝ። ሩዝ አመርታለሁ፤ ሁለት የእርሻ በሬዎች፣ ሦስት ላሞች፣ አንድ ጊደርና ሁለት ወይፈኖች አሉኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ልጄ ከብት የዓለምን አየር እያሞቀ ስለሆነ ሰው ሥጋ መብላት፣ ገበሬም ከብት ማብዛት መቀነስ አለበት ይለኛል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው ይላሉ። ማንን ልስማ? ከብቶቼንስ ልሽጥ?

ምላሽ፦ አባታችን፣ ልጅዎ ስለ ጋዙ የነገረዎት እውነት ነው። ላም፣ በግና ፍየል የሚያመሰኩ እንስሳት በመሆናቸው የበሉት ሣርና ጭድ በጨጓራቸው ውስጥ በዓይን በማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ይብላላል፤ ጠላ በጋን ውስጥ ሲፈላ ጋዝ እንደሚወጣው ሁሉ በዚህም ሂደት ሜቴን የሚባል ጋዝ ይፈጠርና አብዛኛው በግሳት ይወጣል። ሜቴን በአየር ላይ የሚቆየው ከ10 ዓመት ትንሽ ለሚበልጥ ጊዜ ቢሆንም፣ በ100 ዓመት ስሌት ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ27 እጥፍ በላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት የሰው ልጅ ከሚለቃቸው ሙቀት አማቂ ጋዞች ውስጥ ከመቶ 12 ያህሉ ከእንስሳት እርባታ ጋር የተያያዘ ነው። ጎረቤቶችዎ የፈረንጅ ወሬ ይበሉት እንጂ፣ ሀገራችን ራሷ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ ከጠቅላላው የሀገሪቱ ልቀት ውስጥ ከመቶ 40 የሚበልጠው ከእንስሳት እንደሚመጣ አስፍራለች።

ሥጋ መቀነስ ያለበት ማን ነው የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ከልጅዎ ጋር እለያያለሁ። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሥጋ የሚቀርብለት ሲሆን፣ የኢትዮጵያዊው ድርሻ 10 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም። የእርስዎ አካባቢ ምእመን ረቡዕን፣ ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምንና ሌሎቹን አጽዋማት ሲጠብቅ ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ያለ ሥጋና ያለ ወተት ያሳልፋል። በፋሲካ የሚታረደውን በግ ወይም ለዓረፋ ሙስሊም ጎረቤትዎ የሚያርደውን አጥፊ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ውስጥ ከመቶ 46 ያህሉ መቀንጨራቸውን አሳይቷል፤ እነዚህ ልጆች የሚያስፈልጋቸው ተጨማሪ ወተትና እንቁላል ነው። የመቀነሱ ግዴታ በቅድሚያ አብዝተው በሚበሉት ሀገሮች ላይ ይወድቃል። በከተሞቻችንም ቢሆን ሳምንቱን ሙሉ በሥጋ ቤት የሚያሳልፍ ሰው ለራሱ ጤና ሲል ቢቀንስ እደግፋለሁ።

ለእርስዎ ዋናው ጉዳይ ከብቱ ለሚለቀው ጋዝ ምን ያህል ወተት፣ ሥጋና ጉልበት ይሰጣል የሚለው ነው። ብዙ ወተት የምትሰጥ የውጭ ዝርያ ላም በዓመት ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ሜቴን ትለቃለች፤ የእኛዋ ላም የምትለቀው ከዚህ በእጅጉ ያነሰ ነው። ነገር ግን ያችኛዋ በቀን 30 ሊትር ያህል ስትታለብ የእኛዋ በአማካይ ከ2 ሊትር ስለማትበልጥ፣ በአንድ ሊትር ወተት ሲሰላ የእኛው ልቀት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ጊደሮቻችን ብዙ ጊዜ 4 ዓመት አልፏቸው ነው የሚወልዱት፤ ወይፈኖቻችንም በበጋ ከስተው በክረምት እያገገሙ ዓመታት ይቆያሉ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ያለ ምርት ጋዝ ይለቃሉ፤ የእርስዎንም መኖ ይጨርሳሉ። ስለዚህ አየሩን የሚጠቅመውና ኪስዎን የሚጠቅመው ሥራ አንድ ነው፦ ጥቂት ከብት በሚገባ መቀለብ።

ሁለቱን በሬዎች አይሽጡ፤ ያለ እነሱ እርሻዎ ይቆማል። ከወይፈኖቹ በሬዎቹን የሚተካ ካላስፈለገዎት ለ90 ቀን ያህል አድልበው ለበዓል ገበያ ያቅርቧቸው፤ የኑግ ፋጉሎና ከሩዝ መፈልፈያ የሚገኘው ፉርሽካ በአካባቢዎ አለ። ከላሞቹ መካከል መክና የቆየች ካለች እሷም ቦታ ይዛ መቀመጥ የለባትም። የተቀሩትን ከውጭ ዝርያ ጋር ለማዳቀል ግን አይቸኩሉ። የፎገራ ከብት ውሃ የሚተኛበትን ሜዳ፣ ትንኙንና ዝንቡን የለመደ ዝርያ ነው፤ ለዚህም ነው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ዝርያውን ለመጠበቅና ለማሻሻል ሲሠራ የኖረው። መኖው ሳይስተካከል የሚገባ ድቅል ላም በወተት ፋንታ የሕክምና ወጪ ያመጣብዎታል።

መኖውን በተመለከተ ትልቁ ሀብትዎ የሩዝ ጭድ ነው። ጭዱ ጠንካራና ፕሮቲኑ አነስተኛ በመሆኑ ከብቱ ሆዱን ይሞላበታል እንጂ አይጠናበትም፤ እንዲህ ያለ በቀላሉ የማይፈጭ መኖ ደግሞ ከበላው መጠን አንጻር የሚወጣውን ሜቴን ያበዛል። ስለዚህ ከኅዳር ጀምሮ ሩዙ ተወቅቶ ጭዱ ሲከመር በዩሪያ ያክሙት። ለ100 ኪሎ ግራም ደረቅ ጭድ 5 ኪሎ ግራም ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ በሚገባ ሟሙቶ፣ ጭዱ በፕላስቲክ በተነጠፈ ጉድጓድ ውስጥ እየተነባበረ እኩል ይርከፈከፋል፤ ከዚያም እየተረገጠ ይታመቅና አየር እንዳያስገባ ተሸፍኖ ለ21 ቀን ይቆያል። ሲከፍቱት የዕለቱን ብቻ አውጥተው ሽታው እስኪቀንስ አናፍሱት፤ ከብቱንም ካልታከመው ጋር እየቀላቀሉ ቀስ በቀስ ያልምዱት። ከ6 ወር በታች ላሉ ጥጆች፣ ለአህያና ለፈረስ አይስጡ። የዩሪያው ውሃ እንስሳ ከጠጣው የሚገድል ስለሆነ ባልዲውን ሜዳ ላይ ትተው አይሂዱ፤ ይህን አጥብቄ አሳስባለሁ። በማሳዎ ዳርና በጓሮዎ ዝሆን ሣርና ሰስባንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ቢተክሉ ደግሞ በበጋ እርጥብ መኖ አያጡም።

ልጅዎ «ሥጋውን ትተን ሩዝና ዓሣ እንብላ» ቢልዎት ውሃ የተኛበት የሩዝ ማሳም ሜቴን እንደሚለቅ ይንገሩት፤ ውሃውን ማፍሰስ በሚቻልበት ማሳ ላይ በመሐል አንድ ጊዜ ማድረቅ ልቀቱን በእጅጉ ይቀንሳል። የጣና ዓሣም ገደብ አለው። በጣና ብቻ የሚገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዞች ሲወጡ በወንዞቹ አፍ በሚዘረጋ መረብ ተመናምነዋል፤ በእነዚያ ወራት ዓሣ ባይገዙ መልካም ነው። ለቤተሰብዎ ተጨማሪ ሥጋና እንቁላል ካስፈለገ ዶሮ ይሻላል፤ ዶሮ ስለማታመሰኳ ልቀቷ በጣም አነስተኛ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። መክና ነች ብለው የሚያስቧትን ላም ወደ ገበያ ከመንዳትዎ በፊት የቀበሌዎ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እርግዝናዋን ይመርምርልዎት፤ በበጋ የከሳች ላም ኮርማ ሳትፈልግ ትቆይና መኖዋ ሲስተካከል የምትይዝበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የታከመውን ጭድና ጥቂት ፋጉሎ ለሁለትና ለሦስት ወር ሰጥተው ካዩ በኋላ ይወስኑ።