የአያትህን ውጅግራ ሰደፍ አትላገው

ከኮምቦልቻ አንድ ልጅ ጽፎልኛል። «ጋሼ፣ የአያቴ ውጅግራ ጠመንጃ ከአባቴ ወደ እኔ ደርሷል። አይተኮስበትም፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚውለው። ሰደፉ ጠቁሯል፤ ሲይዙት እጅ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ቦታ ተሰርጉዷል፣ ከምላጩ ኋላ እጅ የሚጨብጠው አንገቱ ላይም ቀጭን ስንጥቅ አለ። አንድ ፈረንጅ የዊንቸስተር ሰደፍ ሲያድስ በቪዲዮ አየሁ። በማሽን ልጦ፣ ቀለም ነክሮ፣ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ለበጠው። እኔም እንደዚያ ላድርግ?» ይላል።

አታድርግ፣ ወንድሜ። አብሽር፣ ሰደፍህ ይድናል። ግን በሌላ መንገድ ነው።

ያየኸው ዊንቸስተር ከምላጩ ሥር ያለውን ማንሻ ወደ ታች አውርደው መልሰው የሚያቀባብሉት ዓይነት ነው። ሰደፉ ሁለት ቁራጭ ነው። አንዱ ትከሻ ላይ የሚያርፈው፣ ሌላው በርሜሉ ሥር ግራ እጅ የሚይዘው። ተፈትቶ ይወጣል። ቢበላሽበትም አሜሪካ ውስጥ ምትኩ ተሠርቶ ይሸጣል። ያንተ ውጅግራ ግን ከትከሻ እስከ አፈሙዙ አካባቢ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ስሙ ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው። በፈረንጆቹ 1874 የወጣ ሞዴል ነው። በ1888 ዓ.ም. አድዋ ከዘመቱት ጠመንጃዎች አንዱም እሱ ነው። ሰደፉ ዋልነት ከሚባለው የፈረንጅ እንጨት የተሠራ ነው፤ ከተበላሸ ምትኩን በቀላሉ አታገኘውም።

ለምን አትላገው እንደምል ላሳይህ። ብረቱ እንጨቱ ውስጥ የተቀመጠበትን ጠርዝ በጣትህ ዳስሰው። ጣትህ ከብረት ወደ እንጨት ሲሻገር አይደናቀፍም። ብረትና እንጨት እኩል እንዲሆኑ ነው የተሠራው። አሁን ግማሽ ሚሊሜትር እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አንሳለት። ብረቱ እንደ ደረጃ ብቅ ይላል። ጣትህ ይያዛል፣ ዓይንህም ያየዋል። ይህን ስህተት እኔ ሠርቼዋለሁ። ልጅ ሆኜ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ አናጺ ዘንድ ሙያ ስማር የአንድ ሽማግሌ ሰደፍ ተሰጠኝ። ቀኑን ሙሉ ፈተግሁት። እንጨቱ እንደ አዲስ ነጣ፣ እኔም ኮራሁ። ሽማግሌው መጡና ሰደፉን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። «የአባቴ እጅ እዚህ ነበር» አሉኝ፣ ሌላ ምንም አልተናገሩም። አንገቱ አካባቢ በእጅ ብዛት የተወለወለው ቦታ ነው የጠፋው። ፈረንሳዮቹ ሰደፍ ጎን ላይ የሚመቱት ክብ ማኅተም ካለህ እሱም አብሮ ይሄዳል።

ሥራውን ከመጀመርህ በፊት መዝጊያውን ከፍተህ ጥይት እንደሌለ በዓይንህም በጣትህም አረጋግጥ። «ድሮ ነው የወጣው» የሚል ወሬ አትመን። የመሣሪያ አዋጁ ቁጥር 1177/2012 ስላለ ፈቃዱም ከእጅህ ይኑር። ጠመንጃ ተሸክመህ ወደ አናጺ ቤት አትዙር፣ ሥራውን እቤትህ ሥራው። በርሜሉን ከእንጨቱ ያሰሩት ቀለበቶች በዝገት ከያዙ አትታገላቸው። ብረቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍነህ እንጨቱን እንዳለ ሥራው።

ያ ጥቁር ነገር ቀለም አይደለም። የእጅ ላብ፣ የጠመንጃ ዘይት፣ የምድጃ ጢስና አቧራ ለዓመታት ተደራርቦ ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገው መላግ ሳይሆን ማጽዳት ነው። ከቀለም ቤት አኳራጅ፣ ማለትም የቀለም ማቅጠኛውን፣ ግዛ። ጨርቅ ነክረህ፣ ጨምቀህ፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትለህ እሸው። ጨርቁ ሲጠቁር ቀይረው። የመጀመሪያው ጨርቅ ሬንጅ ይመስላል፣ አትደንግጥ። ጨርቁ ወደ ቡናማ ሲለወጥ አቁም። ነጭ ሆኖ እንዲወጣ አትጠብቅ፣ እንጨቱ ራሱ ቡናማ ነው። ኮስቲክ ሶዳ የሚልህን አትስማ፤ እንጨቱን አቃጥሎ ያጠቁረዋል። ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍም አይሆንም።

መዝጊያው ሥር ያለው እንጨት ግን በጨርቅ ብቻ አይጸዳልህም። ከላይ የተቀባው የብረት ዘይት ወደ ታች ወርዶ እዚያ ነው የሚጠራቀመው። ዘይት የጠጣ እንጨት ደግሞ ይለሰልሳል። ለዚህ ጠመኔ ውቀጥ። ዱቄቱን በአኳራጅ ለውሰህ እንደ ወፍራም ሊጥ ለጥፍበት። ሲደርቅ ዘይቱን መጥጦ ይቢጫል። በብሩሽ አራግፈህ ድገመው። ሦስት አራት ጊዜ ሊፈልግ ይችላል። የኮምቦልቻ ፀሐይ እዚህ ላይ ትረዳሃለች። ሰደፉን በነጭ ወረቀት ጠቅልለህ ቀትር ላይ ለአንድ ሰዓት አስቀምጠው። እንጨቱ ሲሞቅ ዘይቱን እንደ ላብ ያወጣዋል። እሳት ዳር ግን አታስጠጋው፤ ይሰነጠቃል።

ስርጉዱ በጣም የምወደው ሥራ ነው። ሰው አስማት ይመስለዋል። የነጠላ ቁራጭ በውኃ ንከርና ስርጉዱ ላይ ጣል። የጋለ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ አሳርፍበት። ጭስስስ ይላል። አንሳና እየው። እንፋሎቱ የተጨፈለቀውን ጅማት አሳብጦ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው። ጅማቱ የተቆረጠ ከሆነ ግን አይነሳም። እሱን ተወው፣ የጠመንጃው ታሪክ ነው። በስቱኮ ብትደፍነው እንደ ጥርስ ሙሌት አፍጥጦ ይቀራል።

እንፋሎት የነካው ቦታ ሲደርቅ የእንጨቱ ፀጉር ይቆማል። ሻካራ ከሆነብህ ቁጥር 320 ብርጭቆ ወረቀት ወስደህ ፀጉሩን ብቻ አንሳ። ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ፣ ጅማቱን ተከትለህ። ብረት ጠርዝ አጠገብ ወረቀቱ አይድረስ።

አሁን ወደ ዘይቱ። ቫርኒሽ አልመክርህም። ከላይ እንደ ላስቲክ ይለብሳል፣ ሲጫር ነጭ መስመር ያወጣል፣ ለመጠገንም ሁሉን መላጥ ይጠይቃል። ጥንት የነበረውም ዘይት ነው፣ ወደ ዘይት መልሰው። የምትፈልገው ቀለም ቤት «የተፈላ ሊንሲድ» እየተባለ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት ነው። ማድረቂያ ስለተጨመረበት በቀን ሁለት ቀን ይደርቃል። ከተልባ በቤት የሚወጣው ጥሬ ዘይትም ይሠራል፣ ግን ሳምንታት ይፈጃል። ቤት ውስጥ አፍልቼ የተፈላ ላድርገው እንዳትል፤ እሳት ነው የምትጠራው። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ፓልም ለዘለዓለም አይደርቅም። ቅቤ ቀቡት የሚሉህም ይኖራሉ። አንዱ ደንበኛዬ ቀብቶ አይጥ ጠርዙን በልታበታለች።

ሊንሲዱን በጨርቅ ነክረህ በስሱ ቀባ። ሩብ ሰዓት ጠብቅ። ከዚያ እንዳልቀባ ሰው ሙልጭ አድርገህ ጥረገው። ዋናው ሚስጥር መጥረጉ ነው። ሰው የሚያበላሸው ወፍራም ቀብቶ ሲተወው ነው። ላዩ ላይ ቆዳ ይሠራል፣ ሥሩ አይደርቅም፣ መልሶ ያጣብቃል። ሲደርቅ ድገም። አራት አምስት ዙር ይበቃሃል። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነ በየቀኑ መቀባት ትችላለህ። እኛ ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲለብስ ሦስት ቀን የምጠብቅበት ጊዜ አለ። ከትከሻው ብረት ሥር ያለውን የተቆረጠ ጫፍም አትርሳ። እርጥበት የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቅ፦ ጨርቁ። ሊንሲድ የነካው ጨርቅ ሲደርቅ ይሞቃል። ተጨማድዶ ጥግ ላይ ከተጣለ ሙቀቱ መውጫ ያጣና ክብሪት ሳይነካው ራሱ ይነድዳል። እኔ አንድ ማታ ሱቅ ዘግቼ ልሄድ ስል የተቃጠለ ጠረን አፍንጫዬን መታኝ። ፍቅፋቂ ከረጢት ውስጥ የጣልኩት ጨርቅ ነበር። ስከፍተው መሐሉ ጠቁሮ ይጨሳል። አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ ብወጣ ሱቁ የለም ነበር። ስለዚህ ጨርቁን ደጅ ዘርግተህ አድርቀው፤ ወይም ውኃ የሞላ ጣሳ ውስጥ ክተተው።

ስንጥቁን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ስለሚያስፈራኝ ነው። አንገት ላይ ያለ ስንጥቅ ቀጭን ቢመስልም የጠመንጃው ደካማ ቦታ ነው፤ ሲተኮስ ምቱን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው። ብትጠግነውም አይተኮስበትም። ኮላ ዘይት ያለበት እንጨት ላይ አይዝም። ስለዚህ የጠመኔውን ሥራ ጨርሰህ፣ ሊንሲድ ከመቀባትህ በፊት ነው የሚሠራው። ሁለት ተደባልቆ የሚጠነክረውን ኢፖክሲ ተጠቀም። ስንጥቁን በቀስታ ከፈት አድርገህ በቀጭን ሽቦ ወደ ውስጥ አስገባው። ከዚያ የጎማ ካላማዳሪያ እንደ ጥብጣብ ቆርጠህ ጥብቅ አድርገህ ጠምጥምበትና አንድ ቀን ሙሉ ተወው። የተረፈውን ሳይጠነክር ጥረግ። የጎደለ ቁራጭ ካለ ዋንዛ ፈልግ፤ ቀለሙ ይቀራረባል፣ ለመሮም ይታዘዛል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል።

ስንጥቁ በሌላኛው ጎን ካለፈ ግን ኢፖክሲውን ሳትነካ ፎቶ ላክልኝ። ከሁለቱም ጎን፣ ቀን ብርሃን ላይ አንሳው።