ዝግ ብለው የሚያዜሙትን ፍለጋ፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው ደርሰው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጊታር ብቻ የሚያንጎራጉሩ የዘመናችንን የፎክ ዘፋኞች ማዳመጥ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የማዳምጥበት መተግበሪያ ግን እነዚያኑ አምስት ስድስት ስሞች እያፈራረቀ ያቀርብልኛል እንጂ አዲስ ሰው አያሳየኝም። የወደድኩትን ለወዳጆቼ ስልክላቸውም «ቆንጆ ነው» ብለው ያልፉታል፤ ከልብ ያዳመጠው ያለ አይመስለኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው ወይስ የዘፈኖቹ?

መልስ፦ ከመተግበሪያው ልጀምር። እንዲህ ያለው መተግበሪያ ምርጫውን በአመዛኙ የሚያደርገው ከእርስዎ ጋር የሚቀራረብ ጆሮ ያላቸው ሰዎች ሌላ ምን እንዳዳመጡ ቆጥሮ ነው። ስለዚህ መቶ አድማጭ ብቻ ያለው ዘፋኝ፣ ለእርስዎ የቱንም ያህል የሚስማማ ቢሆን፣ የሚቆጠር ዱካ ስለሌለው ተራው ሳይደርሰው ይቀራል። እኔ የምመክርዎ መንገድ ከዚህ በጣም ያረጀ ነው፤ በአልበሙ ላይ ከዘፋኙ ስም ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን ስሞች ማንበብ። ማን አቀናበረው? ማን ቀረጸው? ቫዮሊኑን የተጫወተው ማን ነው? ያሳተመው አነስተኛ ኩባንያስ ሌላ እነማንን አሳትሟል?

አንድ ምሳሌ ዘርዘር አድርጌ ላቅርብ። እንግሊዛዊቷ ቫሽቲ ባንያን የመጀመሪያ አልበሟን እ.ኤ.አ. በ1970 ስታወጣ የገዛው ሰው እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ተስፋ ቆርጣ ሙዚቃን እርግፍ አድርጋ ተወችው። በ1990ዎቹ መገባደጃ የገዛ ስሟን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ስታይ ግን፣ ሞቶ ተቀብሯል ያለችው አልበም በማታውቃቸው ሰዎች ዘንድ እየተፈለገና እየተወራለት አገኘችው። አልበሙ በ2000 እንደገና ታተመ፤ ሁለተኛው አልበሟም በ2005፣ ከ35 ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ወጣ። እንግዲህ ስሞቹን ይከተሉ። የ1970ው አልበም ፕሮዲውሰር ጆ ቦይድ ሲሆን፣ የተወሰኑ ዘፈኖችን ያቀናበረላት ደግሞ ሮበርት ከርቢ ነው፤ ሁለቱም በዚያው ዘመን ሦስት አልበሞች ብቻ ትቶ በ26 ዓመቱ ካረፈው ከኒክ ድሬክ ጋር ሠርተዋል። በ2005ቱ አልበም ላይ ደግሞ ዴቬንድራ ባንሃርትንና ሃርፕ ተጫዋቿን ጆአና ኒውሰምን ያገኛሉ፤ ሁለቱም በወቅቱ የራሳቸውን ዘፈን ይዘው ብቅ ያሉ ወጣቶች ነበሩ። ከአንድ የተረሳ አልበም ተነስተው ሁለት እርምጃ ቢራመዱ ወደ ኋላም ወደ ፊትም በር ይከፈትልዎታል ማለት ነው። የዛሬዎቹም ዘፋኞች እንደዚሁ ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ዘፈን አጅቦ፣ አንዱ ለሌላው መድረክ ከፍቶ የማያልፍበት ጊዜ የለም። ከዋናው ዘፋኝ በፊት ሦስት ዘፈን ተጫውቶ የሚወርደውን ሰው ስም መመዝገብም አይርሱ።

ወደ ወዳጆችዎ ስንመጣ፣ ጥፋቱ ከዘፈኑም ከእርስዎም ይልቅ የአላላኩ ይመስለኛል። በራሴ የደረሰውን ልንገርዎ። አሥራ ሁለት ዘፈኖች በአንድ ሊንክ ሰብስቤ ለአንዲት ወዳጄ ላክሁላት፤ አውራ ጣት ብቻ መለሰችልኝ። ኋላ ስጠይቃት ከሦስተኛው እንዳላለፈች ነገረችኝ፤ እኔም ብሆን አላልፍም ነበር። በሌላ ጊዜ አንድ ዘፈን ብቻ መርጬ፣ «አንድ ደቂቃ ከሃምሳ ላይ ጊታሩ ሲቆም የምትስበውን ትንፋሽ ስሚልኝ» ብዬ ጻፍኩላት። የዚያኑ ዕለት ማታ የዘፋኟን ስም ጠየቀችኝ። ለአንድ ሰው አንድ ዘፈን፣ እሱም ከምክንያቱ ጋር መላክ በቂ ነው። «እንደ እገሌ ነው» የሚለውን ግን ቢተዉት ይሻላል፤ አድማጩ እገሌን ሲፈልግ የቀረበለትን ሰው ሳይሰማ ይቀራልና።

በምን እንደሚያዳምጡትም ይንገሯቸው። በዚህ ዓይነቱ የጊታር አጨዋወት አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች ላይ እየተመላለሰ ምቱን ሲይዝ፣ የቀሩት ጣቶች በቀጫጭኖቹ ላይ ዜማውን ይለቅማሉ። በተለመደው ቅኝት የመጨረሻው ወፍራም ክር በሰከንድ 82 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህን ያህል የወረደ ድምፅ ደግሞ ከስልክ ትንሽ ድምፅ ማጉያ እንደሚገባ አይወጣም። ወዳጅዎ በስልኩ ብቻ ካዳመጠ የአውራ ጣቱ ሥራ ተሸራርፎ ነው የሚደርሰው፤ ቢሰለቸው አይፈረድበትም። ተራ የጆሮ ማዳመጫ እንኳ ነገሩን ይለውጠዋል። ጸጥታ ለእነዚህ ዘፋኞች ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለማየት ታይኒ ዴስክ የተባለውን፣ ዘፋኞች በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ቢሮ ጠረጴዛ አጠገብ የሚዘፍኑበትን ዝግጅት አጀማመር ማስታወስ ይበቃል። በ2008 ሁለት የአሜሪካ የሕዝብ ሬዲዮ ሰዎች በኦስቲን ከተማ ፌስቲቫል ላይ ላውራ ጊብሰንን ሊሰሙ ገብተው፣ በታዳሚው ጫጫታ ድምጿ ስለተዋጠባቸው ቢሯችን መጥታ ብትዘፍንልን ይሻላል ብለው ቀለዱ። ቀልዱ እውነት ሆነና ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በአንደኛው ጠረጴዛ አጠገብ ዘፈነች። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ዝግጅት የተጀመረው በዚህ መልክ ነው።

ጥያቄ፦ «ፎክ» የሕዝብ ማለት ከሆነ፣ ደራሲው የሚታወቅ ዘፈን እንዴት ፎክ ይባላል?

መልስ፦ ቃሉ ድሮ ደራሲያቸው የማይታወቅ፣ ከአፍ ወደ አፍ የተላለፉ ዘፈኖች መጠሪያ ነበር። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በእንግሊዝና በአሜሪካ እነዚያን ዘፈኖች እየዘፈኑ ያደጉ ወጣቶች በዚያው ስልት የራሳቸውን መድረስ ሲጀምሩ ስሙም አብሯቸው ተሻገረ። የዛሬዎቹን ፎክ የሚያሰኛቸው ስልቱ ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዚህ የማይስማሙ አጥባቂዎች መኖራቸውን ግን አልክድም።

ጥያቄ፦ የምወደው ዘፋኝ ገና ብዙ አድማጭ የለውም። የገዛሁትን አልበም ለጓደኞቼ ኮፒ አድርጌ ብሰጣቸው እጠቅመዋለሁ ወይስ እጎዳዋለሁ?

መልስ፦ ዘፋኙ ራሱ በነፃ ካልፈቀደ በስተቀር ኮፒውን አይስጡ። ስሙ በሰፊው ሲሰማ ገንዘቡ ተከትሎ ይመጣል የሚለው ክርክር ለትልልቆቹ ይሠራ እንደሆነ እንጃ፣ ለትናንሾቹ ግን አይሠራም። ከ2024 ጀምሮ ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያ ላይ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ለተቀረጸው ድምፅ ክፍያ አይታሰብለትም፤ ጓደኞችዎ አሥር ቢሆኑና እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ጊዜ ቢያዳምጡት እንኳ ለዘፋኙ ሳንቲም ላይደርሰው ይችላል። በአንጻሩ ዘፋኞች ሙዚቃቸውን በቀጥታ ለአድማጭ በሚሸጡበት ባንድካምፕ በተባለው ድረ ገጽ ላይ አንድ አልበም በዲጂታል ሲሸጥ ድረ ገጹ 15 በመቶ ይወስዳል፤ የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ከተነሳ በኋላ የቀረው ለሻጩ፣ ማለትም ለዘፋኙ ወይም ለአሳታሚው ነው። ብዙዎቹ ዘፋኞች ዘፈኖቻቸውን ሳይገዙም እዚያው እንዲያዳምጡ ስለሚፈቅዱ፣ ለጓደኞችዎ መጀመሪያ የገጹን ሊንክ ይላኩላቸው። ከመካከላቸው ደጋግሞ ያዳመጠና ስለ ዘፈኑ ራሱ አንስቶ ያወራዎት ካለ፣ ለእሱ አልበሙን ከዚያው ገጽ በስጦታ መልክ ገዝተው ሊልኩለት ይችላሉ።