ከቀዶ ሕክምና በፊት ፀረ ሂስታሚን ከተሰጠኝ አለርጂ አይነካኝም ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ዕድሜዬ 52 ነው። በሚቀጥለው ሳምንት የሐሞት ከረጢቴ በኦፕራሲዮን ይወጣል። ከማደንዘዣው በፊት ሁለት ዓይነት ፀረ ሂስታሚን እንደሚሰጡኝ ነገሩኝ፤ አንዱ የጨጓራ ነው ተባልኩ። እኔ ፀረ ሂስታሚንን የማውቀው ለአለርጂ ነው። ለአፍንጫዬም ሴትሪዚን እወስዳለሁ። ላቁመው? ልጅ ሆኜ ደግሞ ፔኒሲሊን ተወግቼ ሰውነቴ ሽፍ ብሎ ነበር። አሁን መከላከያው ስለሚሰጠኝ ይህን መናገር ያስፈልጋል?

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ዋናው እሱ ነውና። አዎ፣ ይናገሩ። ቀኑ እስኪደርስም አይጠብቁ። ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ደርሰው «ለካ ይህን አልነገርኳችሁም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ያኔ ሁሉም ነገር ጥድፊያ ይሆናል።

ሂስታሚን ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ኬሚካል ነው። በቆዳ፣ በአየር ቧንቧና በአንጀት ውስጥ ማስት ሴል የሚባሉ ሕዋሳት አከማችተው ይይዙታል። ሲለቁት የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ያብጣል። ግን ሥራው ይህ ብቻ አይደለም። ጨጓራ አሲድ እንዲያመነጭ ያዛል። አንጎል ውስጥ ደግሞ ንቁ ሆነን እንድንቆይ ያግዛል። በየቦታው የሚቀበሉት ተቀባዮች ስለሚለያዩ መድኃኒቶቹም ይለያያሉ። ለእርስዎ ሁለት የታዘዘልዎት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት እንደ ዳይፈንሃይድራሚንና ፕሮሜታዚን ያለው ነው። እነዚህ የቆዩ መድኃኒቶች አንጎል ውስጥ ስለሚገቡ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛሉ፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳሉ። ሌላም ጥቅም አላቸው። የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን፣ ጡንቻ የሚያዝናናው አትራኩሪየም፣ በፍጥነት የተሰጠው አንቲባዮቲክ ቫንኮማይሲን፣ አለርጂ የሌለበትን ሰው እንኳ ማስት ሴሎች በቀጥታ ነክተው ሂስታሚን ሊያስለቅቁ ይችላሉ። ፊት ይቀላል፣ ሰውነት ያሳክካል። ፀረ ሂስታሚን ይህን ያለዝበዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ አለርጂ ቆጥሮ ዕድሜውን ሙሉ «ሞርፊን አይስማማኝም» እያለ መኖሩ ያሳዝነኛል።

«የጨጓራ» ያሉዎት ሁለተኛው፣ ለምሳሌ ፋሞቲዲን፣ አሲድ ይቀንሳል። በሰመመን ውስጥ ያለ ሰው ትን ሲለው ማሳል አይችልም። ከጨጓራ ተመልሶ የወጣ አሲድ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ያቃጥላል። አሜሪካዊው የማህፀን ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን ይህን በ1946 በወላድ እናቶች ላይ አይቶ ጽፎታል፤ ጉዳቱ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ቃር ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ወይም ሳይጾም በድንገት የሚገባ ሰው ስጋቱ ይበልጥበታል። መድኃኒቱ ግን ጨጓራን ባዶ አያደርግም። ስለዚህ ጾሙ አይቀርም። በተለምዶ ቀለል ያለ ምግብ ማደንዘዣው ከመሰጠቱ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀደም ብሎ፣ ውኃ ደግሞ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ይቆማል። ሰዓቱን የእርስዎ ሐኪም በነገረዎት ልክ ያክብሩ።

አሁን ወደ ስጋትዎ ልመለስ። ከባድ አለርጂ፣ አናፊላክሲስ የምንለው፣ ሲነሳ የሚለቀቀው ሂስታሚን ብቻ አይደለም። ሌሎች ብዙ ኬሚካሎች አብረው ይፈሳሉ። አስቀድሞ የተወሰደ ፀረ ሂስታሚን ያንን አያስቆምም። ሕይወት የሚያድነው አድሬናሊን ነው። ሰመመን ላይ ደግሞ ታካሚው «አሳከከኝ» ብሎ አይናገር፤ ቆዳውም በጨርቅ ተሸፍኗል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚታየው የደም ግፊት መውረድ ወይም የአየር ቧንቧ መጥበብ ነው። ከሁሉ የሚሻለው የሚያስነሳውን ነገር ጨርሶ አለመስጠት ነው። ይህ የሚቻለው እርስዎ ሲናገሩ ነው።

በቀዶ ሕክምና ጊዜ ኢንፌክሽን ለመከላከል አንቲባዮቲክ ሊሰጥዎት ስለሚችል የፔኒሲሊኑን ነገር በዝርዝር ያስረዱ። ሽፍታው ከተወጉ በስንት ጊዜ ወጣ? ትንፋሽ አጥሮዎት ነበር? ፊትዎ ወይም ምላስዎ አብጦ ነበር? ካላስታወሱ ቤተሰብ ይጠይቁ። በልጅነታቸው እንዲህ ከተባሉት አብዛኞቹ ሲመረመሩ አለርጂው አይገኝባቸውም፤ ያንን የሚወስነው ግን ሐኪም ነው። የጎማ ጓንት ወይም የልጆች መጫወቻ ፊኛ ሲነካዎት፣ ወይም ቁስል የሚጸዳበት ክሎርሄክሲዲን ሲቀቡ አሳክኮዎት ካወቀ ይህንንም ይጨምሩ።

ሴትሪዚኑን ብዙውን ጊዜ ማቆም አያስፈልግም። የማደንዘዣ ባለሙያው ግን መጨረሻ የወሰዱበትን ሰዓት ይወቅ፤ ከሌላው ጋር ተደምሮ እንቅልፉን ሊያከብድ ይችላል። የቆዳ የአለርጂ ምርመራ ከታዘዘልዎት ነገሩ ይለያል፤ ውጤቱን ስለሚደብቅ ከሳምንት ገደማ በፊት እንዲያቆሙት ሊነገርዎት ይችላል። ግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ካለብዎት፣ ወይም በፕሮስቴት ምክንያት ሽንት የሚያስቸግርዎት ከሆነ አይደብቁ፤ የቆዩት ፀረ ሂስታሚኖች ሁለቱንም ሊያባብሱ ይችላሉ። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችንም ያደናግራሉ።

በነጋታውም ድብዝዝ ሊልዎት ስለሚችል ወደ ቤት የሚወስድዎት ሰው ያዘጋጁ፤ ቢያንስ ለ24 ሰዓት መኪና አይንዱ። በሰላም ገብተው በሰላም ይውጡ።