ስለ ሸረሪቷ፣ ስለ ሽቦውና ስለ አረንጓዴው ነሐስ

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉም በቅርጻ ቅርጽ ላይ ናቸው።

ሐውልትና ቅርጻ ቅርጽ አንድ ናቸው ወይ?

ሐውልት ለመታሰቢያ የሚቆም ነው፤ ቅርጻ ቅርጽ ግን ለመታሰቢያ የቆመውንም ያልቆመውንም ያቅፋል።

ቀጣይዋ ጠያቂ ኦታዋ የሚኖሩ እናት ናቸው። በካናዳ ብሔራዊ ጋለሪ ደጅ የቆመችውን ግዙፍ ሸረሪት ስታይ ልጃቸው እጃቸውን ጭምቅ ታደርጋለች። ለእሳቸውም አስቀያሚ ናት። ስሟ "ማማን" ነው፣ እማዬ ማለት ነው ሲባሉ ደግሞ ግራ ገባቸው። "ይቺ ምን ዓይነት እናት ናት?" ይላሉ።

እሜቴ፣ ስሟን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ ዓይንዎን ይመኑ። ልጅዎ የፈራችው በትክክል ስላየች ነው።

ሸረሪቷ ከ9 ሜትር በላይ ትረዝማለች። ሥሯ የቆመ ሁሉ ሕፃን ይሆናል። አዋቂ ሰው እናቱን አንጋጦ ያየው መቼ ነበር? ልጅ ሳለ ነው። መጠኗ ብቻውን ወደዚያ ዕድሜ ይመልሰናል።

ቀጥለው እግሮቿን ይዩ። ስምንቱም ከላይ ታጥፈው ይወርዱና መሬት ሲደርሱ እንደ መርፌ ይሾላሉ። ያን ሁሉ ነሐስ የተሸከሙት እነዚያ ጫፎች ናቸው። ከሩቅ የማትነቀነቅ ትመስላለች። ጠጋ ሲሉ ግን በጥፍሯ የቆመች ሴት ናት። ገላዋም ለስላሳ አይደለም። የተቋጠረ፣ የተጠማዘዘ፣ ብዙ የሠራ ሰው እጅ ይመስላል።

አሁን ደግሞ ባዶውን ቦታ ይዩ። ቅርጻ ቅርጽ ስናይ ብረቱን ብቻ አይተን ባዶውን እንረሳለን። እዚህ ግን ግማሹ ሥራ ባዶው ነው። በእግሮቿ መሃል ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አንዱ እንደ እስር ቤት ያየዋል፣ ሌላው እንደ ጣሪያ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የእናት ፍቅር አንዳንዴ እንደዚያ ነውና።

ከሥሯ ቆመው ወደ ላይ ሲያዩ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ውስጡ ከነጭ እብነ በረድ የተሠሩ እንቁላሎች አሉ። ጠቅላላው ጥቁር ሆኖ እነሱ ብቻ ነጭ ናቸው። ስምንቱ እግሮች የሚከቡት እነሱን ነው። የሚያስፈራው ነገር ለምን እንደሚያስፈራ እዚህ ጋ ይገባዎታል።

የሠራቻት ልዊዝ ቡርዧ ናት፣ እ.ኤ.አ. በ1999፣ ዕድሜዋ ወደ 90 ሲጠጋ። ፓሪስ ነው የተወለደችው። ቤተሰቦቿ በሥዕል የተሸመነ ያረጀ የግድግዳ ጨርቅ ያድሱ ነበር። እናቷ የተቀደደውን እየሰፋች፣ የተበላውን እየሸመነች ኖራ ልጅቷ ገና ወጣት ሳለች አረፈች። ለልዊዝ ሸረሪት ማለት ድሯን ሲበጥሱባት ቁጭ ብላ እንደገና የምትሠራ ናት።

እኛ ደግሞ ለዚህ ሥራ ሩቅ አይደለንም። በአማርኛ የሸረሪቷም የሸማኔውም ክር ስሙ ድር ነው። ድርና ማግ ሲባል እየሰማን፣ እናቶቻችን እንዝርት ሲያሾሩ እያየን ነው ያደግነው። እሜቴ፣ ይህን ለልጅዎ ይንገሯት። አያቷ ፈትል ይፈትሉ ከነበረ እሱንም ይጨምሩላት። ከዚያ እጇን ይዘው ከሥሯ ያስገቧትና እንቁላሎቹን ታስቆጥርልዎ።

አንድ ተማሪ የዘመናዊ ቅርጻ ቅርጽ ትንተና እንድጽፍለት ይፈልጋል። የሚያስረክበው ዓርብ ነው።

ወንድሜ፣ አልጽፍልህም። ሄደህ ቅርጹ ፊት ቁም። አንዴ ሙሉ ዙረው። መስመሩ ወዴት ይሄዳል? ክብደቱ የት ያርፋል? ከምን ተሠራ? ሸካራ ነው ወይስ ልስልስ? ባዶው የት ነው? ይህን ሳትጽፍ "ትርጉሙ" የሚለውን ቃል አትንካ። አስተማሪህ ዝግጁ ትርጉም ሳይሆን ዓይንህን ነው የሚፈልገው።

"የኮምፒውተር ስብርባሪ እንጨት ላይ መለጠፍ ጥበብ ነው? ደግሞስ ሥዕል ነው ቅርጻ ቅርጽ?"

የኢትዮጵያዊውን አርቲስት የኤልያስ ስሜን ሥራዎች ማለትዎ ነው። ግድግዳ ላይ ይሰቀላሉ፤ ግን ከግድግዳው ጎላ ብለው ስለሚወጡና ጥላ ስለሚጥሉ እኔ ከቅርጻ ቅርጽ እመድባቸዋለሁ። ከሩቅ ሲታዩ ከአውሮፕላን የታየ ማሳ ይመስላሉ። ሲጠጉ ግን እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ሽቦና የኮምፒውተር ቁልፍ ነው። ዕቃው የሚገኘው ከመርካቶ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ከምናለሽ ተራ ነው። እያንዳንዱ ሽቦ አንድ ጊዜ ሰውን ከሰው ያገናኘ ነበር፤ ከዚያ ተጣለ። ያንን አንስቶ በትዕግሥት መጎንጎን ትልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ካሉ መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ይሂዱ። የጭቃና የጭዱ ግድግዳ ራሱ የሱ እጅ አለበት።

"አያቴ የተወልኝ የእንጨት ቅርጽ ስንት ያወጣል?"

ዋጋ ገማች ይጠይቁ።

"የአባቴ የነሐስ ቅርጽ አረንጓዴ ሆነብኝ። በሎሚና በአመድ ልፈግፍገው?"

እባክዎ አይንኩት! አረንጓዴው የመጣው በነሐሱ ውስጥ ያለው መዳብ ከአየርና ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ነው። ብዙ ቀራጮች ደግሞ ሆን ብለው በእሳትና በኬሚካል ያመጡታል። ስለዚህ የሥራው ቆዳ ነው። ሎሚ አሲድ ነው፣ ቆዳውን ይገፈዋል፤ አመድ ደግሞ ይጭረዋል። አንዴ ከለቀቀ አይመለስም።

ቆሻሻው አቧራ ብቻ ከሆነ በደረቅ፣ ለስላሳ ብሩሽ ያራግፉት። እርጥበት ካለበት ቦታ ያርቁት። ነገር ግን ቀለል ያለ አረንጓዴ ዱቄት ነጠብጣብ ካዩና ቢጠርጉትም ተመልሶ ከመጣ፣ ያ የነሐስ በሽታ ነው። ከውስጥ እየበላው ይሄዳል። ይህን እኔም እርስዎም አንችለውም። ሙዚየም ውስጥ የቅርስ ጥገና የሚሠራ ባለሙያ ፈልጉና አሳዩት። ዛሬ ነገ አይበሉ። እስከዚያ ድረስ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት፣ በባዶ እጅም አይንኩት።