ሐሳቤን የሚያየው ማን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ባሕር ዳር በነርስነት እሠራለሁ። ከሌሊት ተረኛነት ስወጣ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ስልኬ ላይ የሜዲቴሽን አፕ ጫነችልኝ። ቁጭ ብዬ ትንፋሼን እከታተላለሁ፤ ሐሳብ ሲመጣ እንደ ደመና እስኪያልፍ አየዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ቀለል ይለኛል። በኋላ ግን ነገሩ ከቡድሃ ሃይማኖት የመጣ እንደሆነ፣ ዓላማውም የአእምሮን ባሕርይ ማወቅ እንደሆነ ሰማሁ። ኃጢአት ሠርቻለሁ? አፑን ላጥፋው? በእኛ ቤተ ክርስቲያንስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?

መልስ፦ እህቴ፣ ትንፋሽን መከታተል በራሱ ኃጢአት አይደለም። ዝም ብሎ መቀመጥም እንደዚያው። «የሰይጣን ነው» ብሎ በሩን መዝጋት ለአስተማሪ ይቀለዋል። ሰው የሚያምነውን ሳያውቁ መንቀፍ ግን ነውር ነው። ስለዚህ በቅድሚያ እነሱ የሚሉትን ልንገርሽ።

ቡድሃ የሚባለው ሲዳርታ ጎታማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሰሜን ሕንድ ያስተማረ ሰው ነው። የትምህርቱ መነሻ የሰው ሥቃይ ነው። ተከታዮቹ ብዙውን ጊዜ ከትንፋሽ ይጀምራሉ። ከዚያ ሥጋን፣ ስሜትን፣ አእምሮን ይመለከታሉ። አእምሮ ቁጣ ካለበት «ቁጣ አለበት» ብለው ያውቃሉ፤ ከሌለበትም «የለበትም»። አይታገሉትም፣ አይከተሉትም። እንዲህ ብዙ ሲቀመጡ ሐሳብ ሳይጠሩት እንደሚመጣ፣ ሳያሰናብቱት እንደሚሄድ ያያሉ። እስከዚህ ያዩት ልክ ነው፤ እኔም አልከራከራቸውም። ቅዳሴ ቆሞ ልቡ ገበያ ሄዶ የማያውቅ ማን አለ?

የምንለያየው ቀጥሎ ነው። እነሱ ሥጋ፣ ስሜት፣ ግንዛቤ፣ ዝንባሌ፣ ንቃት ብለው አምስት ነገር ይቆጥራሉ። በእነዚህ ውስጥም ሆነ ከእነዚህ ውጭ ጸንታ የምትኖር «እኔ» የምትባል ነፍስ የለችም ይላሉ። ያንን አይቶ ከመወለድና ከመሞት ዑደት መውጣት ነው መድረሻቸው። የእኛ አባቶች ደግሞ «ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት» ብለው አስተምረውናል። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ በሥጋ ሞት አትሞትም። ሐሳቧ ቢመጣና ቢሄድ እሷ አብራ አትሄድም። ደመናውን የምታይዋ አንቺ አለሽ፤ ፈጣሪሽም በስምሽ ያውቅሻል።

በእኛስ የለም ወይ ላልሽው፣ ያለሽው እኮ ጎጃም ነው! ዋሸራ ወይም ጎንጅ የተማረ የቅኔ መምህር ብትጠይቂ ይነግርሽ ነበር። ተማሪው ቅኔ ሊቆጥር፣ ማለትም በልቡ ሊያዘጋጅ፣ ብቻውን ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ደበሎውን ራሱ ላይ ይጥላል። በአጠገቡ ከብት ቢያልፍ አይሰማም። ልቡ ወደ ቁራሹና ወደ መንደሩ ውሻ ይሸሽበታል፤ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይሸሻል። ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ሲነግር ልቡ የት እንደዋለች ከቅኔው ቤት አመታት፣ ማለትም ከስንኙ አገጣጠም፣ ያስታውቃል። ይህን ሁሉ አፕ ሳይኖረው ነው እንግዲህ።

ጠለቅ ያለውን ከፈለግሽ መጻሕፍተ መነኮሳት አሉ፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስ፣ አረጋዊ መንፈሳዊ። እዚያ አባቶች ሐሳብን በር ላይ ቆመው እንደሚጠብቁት ታገኛለሽ። ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብ፣ በገቢር (በሐሳብ፣ በንግግር፣ በሥራ) ነው ሲባል ሰምተሻል። ክፉ ሐሳብ ስለመጣብሽ ብቻ አትኮነኚም፤ ተቀብለሽ ስታጫውቺው ነው ኀልዮ የሚሆነው። ይህን ያላወቁ ስንት ምእመናን ንስሐ አባታቸው ጋ እያለቀሱ ይመጣሉ መሰለሽ!

ከአፑ የሚጎድለውም ይኸው ነው። ሐሳቡን እይው ይልሻል፤ ከዚያ በኋላ የምታናግሪው የለም። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ርኩስ መንፈስ ስለወጣበት ቤት ተናግሯል። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎና አጊጦ ተገኘ። የወጣው መንፈስ ከእርሱ የከፉ ሰባት ሌሎች ይዞ ገባበት። ልብን መጥረግ መልካም ነው፤ ባዶውን ማሳደር ግን ያስፈራል። ለዚህ ነው አባቶች ጸጥ ባለው ልብ ላይ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ን የሚያስገቡት፣ በመቁጠሪያ 41 ጊዜ።

አፑን በተመለከተ፦ በ1979 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው ይህን ልምምድ ከሃይማኖቱ ለይቶ ለሕሙማን መስጠት ጀምሮ ነበር። በሆስፒታል የምትሰሚው በአብዛኛው የዚያ ዘር ነው። ያንቺው ትንፋሽ ከማስቆጠር ካላለፈ ሰውነትሽን ለማሳረፍ ብትጠቀሚበት አልቆጣሽም። «ነፍስ የለችም» ማለት ከጀመረ፣ ወይም የማታውቂውን ቃል ደጋግመሽ በይ ካለሽ፣ ያኔ አጥፊው። ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው፤ እኔ አንቺን በአካል አላውቅሽም፣ እሳቸው ያውቁሻል።

ከተረኛነት ስትወጪ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም አድርሺ። በጣም ከደከመሽ አቡነ ዘበሰማያትም ይበቃል፤ ተኝተሽ ብታደርሺው እግዚአብሔር አይቀየምም። እንቅልፉ ግን በዚህ ሁሉ እምቢ ካለ፣ እዚያው የምትሠሪበት ቤት ሐኪም አለና ካርድ አውጪ።